አጥር በሌለው ካምፕ ከልጆችና ከእናት ጋር ማደር፦ ከጆሃንስበርግ እስከ ቾቤ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ጆሃንስበርግ ነው። ከባለቤቴ፣ ከ7 ዓመት ሴት ልጄና ከ11 ዓመት ወንድ ልጄ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው የ68 ዓመት እናቴ ጋር በመስከረም ወር ለ14 ቀናት ልንጓዝ ነው። ጣሪያው ላይ ሁለት ድንኳን የተገጠመለት ፒክአፕ እንከራያለን። ክሩገርን፣ ሞሬሚን፣ ሳቩቲን፣ ቾቤን፣ ቪክቶሪያ ፏፏቴንና ኤቶሻን ለማየት አስበናል። ከዚህ በፊት ድንኳን ውስጥ አድረን አናውቅም። እናቴ ‹በአንበሳና በጅብ መካከል ሕፃናት ይዛችሁ ልትተኙ?› እያለች ትሟገተኛለች። እውነቷን ይሆን?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ከእናትዎ ልጀምር፤ አልተሳሳቱም። በቦትስዋና ፓርኮች፣ በሞሬሚ፣ በሳቩቲና በቾቤ፣ ያሉት የድንኳን ማደሪያዎች አጥር የላቸውም። ጅብ ራት የተበሰለበትን ቦታ በሌሊት እየዞረ ያሸታል፣ ዝሆን በመኪናዎ ጎን ያልፋል፣ አንበሳም ካሻው መንገዱን በእናንተ ሰፈር ያደርጋል። ይህን ደብቆ «ምንም የለም፣ አትጨነቁ» የሚልዎትን ሰው አይስሙት። እኔ ግን ከማውን ከተማ እየተነሣሁ በእነዚህ ፓርኮች ቤተሰቦችን በመራሁባቸው ዓመታት በእውነት የተጨነቅሁባቸው ቀኖች አብዛኞቹ ከአውሬ የመጡ አልነበሩም። ፀሐይ ስትጠልቅ ገና 60 ኪሎ ሜትር አሸዋ የቀረው መኪና፣ ነዳጁን ሳያሰላ የገባ አባት፣ በጨለማ አስፋልት ላይ የቆመ አህያ የገጨ ሹፌር፤ እንቅልፍ የነሱኝ እነዚህ ናቸው። ስለዚህ «ከልጆች ጋር ማደር ይቻላልን?» ለሚለው መልሴ «ይቻላል» ነው። የማልስማማው በጉዞ ዕቅድዎ ነው። ሁለቱ ደግሞ የተያያዙ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ሰው ማታ የድንኳኑን ዚፕ መዝጋት ይረሳል።

ካርታውን አብረን እንየው። ከጆሃንስበርግ ክሩገር፣ ከዚያ ማውን፣ በሞሬሚና በሳቩቲ አቋርጦ በቾቤ ወንዝ ዳር ያለችው ካሳኔ ከተማ፣ ከካሳኔ በናሚቢያ ጠባብ የሰሜን ምሥራቅ መሬት በኩል ኤቶሻ፣ ከኤቶሻ በዊንድሁክና በካላሃሪ በኩል ወደ ቤት። ይህ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከካሳኔ ኤቶሻ ብቻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ላይ በሞሬሚና በሳቩቲ መካከል ያለው መንገድ አሸዋ ስለሆነ በሰዓት 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ጥሩ ሄደዋል ማለት ነው። በዚህ ዕቅድ ልጆቹ የሚያስታውሱት የወንበራቸውን ጀርባ ነው።

ክሩገርንና ኤቶሻን ያውጧቸው። ክሩገር ለእናንተ ጎረቤት ነው፤ ከጆሃንስበርግ የግማሽ ቀን መንገድ ስለሆነ በማንኛውም ረዥም የሳምንት ዕረፍት በቤት መኪናችሁ ልትሄዱበት ትችላላችሁ፤ ካምፖቹም የታጠሩ ናቸው። ኤቶሻ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባዋል። ኦካውኩዌዮ በተባለው ካምፕ መብራት የተተከለለት የውኃ ጉድጓድ አለ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጥቁር አውራሪስ ከጨለማ ወጥቶ ሲጠጣ ማየት ጊዜ የሚጠይቅ ደስታ ነው። ተጣድፎ የሚታይ ነገር አይደለም።

የቀረውን እኔ እንዲህ እደለድለው ነበር። በመጀመሪያው ቀን በማርቲንስ ድሪፍት ድንበር አልፋችሁ ሴሮዌ አጠገብ ያለውን የካማ አውራሪስ ጥብቅ ቦታ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ሁለት ሌሊት ታድራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመ፣ የታጠረ ቦታ ነው፤ አንበሳም ዝሆንም የለበትም። ድንኳን መዘርጋትን፣ በጨለማ ምግብ ማብሰልን፣ ማን ምን እንደሚሠራ የምትለማመዱት እዚህ ነው። ከዚያ በራኮፕስ በኩል ማውን አንድ ሌሊት፤ ነዳጅ፣ ውኃና አስቤዛ። ሞሬሚ ውስጥ ሦስተኛው ድልድይ በሚባለው ካምፕ ሦስት ሌሊት፣ ኽዋይ ሁለት፣ ሳቩቲ ሁለት፣ ካሳኔ ሁለት፣ በመመለሻው ፍራንሲስታውን አንድ። በዚህ አኳኋን ሁለት ቀን ተከታትላችሁ ረዥም መንገድ የምትነዱት በመጨረሻ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ወረቀት። ከእናትዎ ፓስፖርት ይጀምሩ። የደቡብ አፍሪካ ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ወደ ቦትስዋና ሲወጡ ያበቃለታል፤ ተመልሰው ጆሃንስበርግ ለመግባት አዲስ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ድንበር ላይ ከመስማት አሁን ማወቅ ይሻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳቸው ከእጃቸው አይለይ። የቦትስዋናንና የዚምባብዌን ቪዛ ለእያንዳንዱ ፓስፖርት ከኤምባሲዎቹ ያረጋግጡ። ለልጆቹ የሁለታችሁም ስም ያለበትን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ለመኪናው አከራዩ ድንበር እንድታሻግሩት የፈቀደበትን ደብዳቤ ይያዙ።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎት። ከመካከላችሁ በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት የሚኖር ካለ ድንበር አይሻገር። ያ ወረቀት ያለ ፈቃድ ከደቡብ አፍሪካ ሲወጡበት ይሻራል። ይህን የማነሣው ስንቱ ወገናችን ጆሃንስበርግ ውስጥ በዚያ ወረቀት እንደሚኖርና እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው። እንዲህ ከሆነ ያውጡት ያልኩትን ክሩገርን ዋና ጉዟችሁ አድርጉት። ስፋቱ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከደቡብ እስከ ሰሜን ርዝመቱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 14 ቀን ሙሉ ብትዞሩበት አያልቅም፤ ፓስፖርት የሚጠይቅ ድንበርም አትሻገሩም።

ሞሬሚና ሳቩቲ ደርሶ ቦታ መጠየቅ አይቻልም። ካምፖቹን የሚያስተዳድሩት የተለያዩ የግል ድርጅቶች ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ለየብቻ አስቀድሞ መያዝና የያዙበትን ወረቀት በር ላይ ማሳየት ግድ ነው። የመስከረም ቀኖች ከብዙ ወራት በፊት ይሞላሉ። ቦታ ካጡ ከጥብቅ ክልሉ ውጭ፣ በኽዋይ ወንዝ ዳር፣ የመንደሩ ነዋሪዎች ማኅበር የሚያስተዳድረውን ማጎቶ የተባለውን ካምፕ ይጠይቁ። ወደ አውሬው ቅርበቱ ከሌሎቹ አያንስም፤ የሚከፍሉትም ገንዘብ ወደ መንደሩ ይገባል። ሞሬሚ ራሱ እንዲህ የተጀመረ ቦታ ነው። የባታዋና ሕዝብ አደን አገሩን እያራቆተው መሆኑን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1963 የገዛ መሬቱን ከልሎ ለአውሬው ሰጠ፤ በዚያን ጊዜ በእንደራሴነት ያስተዳድሩ የነበሩት ንግሥት ፑላኔ ሞሬሚ ነበሩ። በዚያ በር በገባሁ ቁጥር ይህን ለልጆች እነግራለሁ።

መስከረምን መምረጥዎ ጥሩ ነው። እኛ ወንዝ የሚሞላው ክረምት ሲገባ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ለኦካቫንጎ ወንዝ እንግዳ ነን። ዝናቡ የሚዘንበው በጥርና በየካቲት አካባቢ አንጎላ ደጋ ላይ ነው። ውኃው በሜዳው ላይ እየተንፏቀቀ ማውን አጠገብ የሚደርሰው ግን ከወራት በኋላ፣ በሰኔና በሐምሌ፣ አገሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ ነው። ወንዙ እንደ አዋሽ ባሕር ሳያይ ይቀራል፤ ካላሃሪ አሸዋ ውስጥ ተበትኖ ይሰምጣል። በመስከረም በዙሪያው ያሉት ኩሬዎች ስለሚደርቁ ዝሆኑ፣ ጎሹ፣ የሜዳ አህያው ሁሉ ወደ ቀረው ውኃ ይሰበሰባል፤ ሣሩም ስለሚሳሳ ሩቅ ይታያል። ቀኑ ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላ እናትዎ ጥላና ብዙ ውኃ ያስፈልጋቸዋል። ሌሊቱና ማለዳው ግን ቀዝቃዛ ሊሆን ስለሚችል አንድ ጋቢ ያስይዟቸው።

ስለ መኪናው። በማውንና በካሳኔ መካከል፣ በፓርኮቹ ውስጥ ነዳጅ ማደያ የለም። መንገዱ በቀጥታ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም እንስሳ ፍለጋ መዞሩን ሲጨምሩበት ብዙ ይበልጣል፤ አሸዋ ላይ ደግሞ መኪናው ከአስፋልቱ በእጅጉ አብልጦ ይጠጣል። ታንከሩን ሞልተው በላዩ ቢያንስ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ይያዙ። የመጠጥ ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ይቁጠሩ። ስልክ አይሠራም፤ በሳተላይት የሚሠራ ስልክ ተከራዩ፤ ካርታውንም ያለ ኔትዎርክ እንዲከፈት አድርጋችሁ ጫኑ።

ወፍራሙ አሸዋ ከመጀመሩ በፊት ከመኪናው ወርዳችሁ የአራቱንም ጎማዎች ነፋስ ቀንሱ። እኔ መጀመሪያ ወደ 1.6 ባር አወርዳለሁ፤ አሸዋው ሲብስ እስከ 1.2 እዘልቃለሁ። ጎማው ሲለሰልስ እንደ ግመል ኮቴ ይሰፋል፤ አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ በላዩ ይሄዳል። ከዚያ ዝቅተኛውን የአራት ጎማ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍጥነት ሳይለዋውጡ፣ መሪውን ሳያንገላቱ መሄድ ነው። አሸዋ መሃል ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሰው ይቆማል። መኪናው መስመጥ ሲጀምር ነዳጅ አይጨምሩ፤ ወዲያውኑ ይቁሙ። ዙሪያውን ከመኪናው ሆነው በደንብ ይቃኙ፤ ከዚያ ወርዶ በአካፋ አሸዋውን ከጎማው ፊት ጠርጎ፣ የጎማውን ነፋስ ጥቂት ይበልጥ ቀንሶ፣ በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ መውጣት ይቀላል። አስፋልት ሲደርሱ ጎማውን መልሶ መንፋት አይረሳ፤ በለሰለሰ ጎማ በፍጥነት መንዳት መኪና ይገለብጣል። የተከራያችሁት መኪና ኮምፕረሰር፣ አካፋ፣ ክሪክ፣ የክሪኩ ማስቀመጫ ጣውላና ሁለት ተጨማሪ ጎማ ከሌለው አትቀበሉት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ ሣር ነው። በመንገዱ መሃል የቆመው ደረቅ ሣር ከመኪናው ሆድ ሥር፣ በማርሚታው ዙሪያ ይጠቀጠቃል፤ ማርሚታው ሲግል ይቀጣጠላል። እንዲህ ነድዶ የቀረ የመኪና አጽም በመንገድ ዳር አይቻለሁ። በየሁለት ሰዓቱ ቆመው፣ አካባቢውን ቃኝተው፣ ጎንበስ ብለው ይዩ፤ ያገኙትን በብረት ሽቦ ይጎልጉሉ።

የትም ቦታ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ካምፕ መድረስን ሕግ ያድርጉት። በፓርኮቹ ውስጥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መንዳት ክልክል ነው፤ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። ከፓርክ ውጭ ባለው አስፋልት ላይ ደግሞ የሚከለክልዎት ባይኖርም ማታ ከብቱና አህያው መንገዱን ይይዘዋል። ከናታ ወደ ካሳኔ በሚወስደው መንገድ ዝሆን እንደ ከብት ነው የሚሻገረው፤ ጥቁር አስፋልት ላይ የቆመ ዝሆን ደግሞ በመኪና መብራት አስቀድሞ አይታይም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ ወደ ሌሊቱ።

የተዘጋ ድንኳን ለአንበሳም ለጅብም አንድ ጠጣር ነገር ነው። ሽታውን ይሰማሉ፣ ይዞሩታል፣ ይሄዳሉ። አደጋ የሚመጣው ከተከፈተ ዚፕ፣ ድንኳን ውስጥ ከተረሳ ምግብና በጨለማ ብቻውን ከሚሄድ ሰው ነው። እውነቱን ልንገርዎት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በኦካቫንጎ ለብቻው በድንኳን የተኛ የ11 ዓመት ልጅ በጅብ ተገድሏል። ከዚያ ወዲህ እኔ የምመራው ቤተሰብ ውስጥ ልጅ ለብቻው ተኝቶ አያውቅም። ልጅዎ 11 ዓመቱ ነው፤ «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ከእኅቴ ጋር ብቻ እተኛለሁ» ሊል ይችላል። እሺ አትበሉት። አንዳችሁ ከእርሱ ጋር፣ አንዳችሁ ከእኅቱ ጋር።

ጨለማ ሳይወድቅ ራት ይብሉ። ሳህኑ ታጥቦ፣ ቆሻሻው፣ ድስቱ፣ የምግብ ሣጥኑ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር መኪናው ውስጥ ተቆልፎበት ይደር። ጫማም እንዲሁ። አንድ ሌሊት ኽዋይ ላይ የ9 ዓመት ልጅ የቆዳ ሰንደሉን ከመሰላሉ ሥር ጥሎ ወጣ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ከበታቼ ከባድ ትንፋሽ ሰምቼ ነቃሁ። ባትሪዬን በድንኳኑ መረብ በኩል ሳበራ ጅቧ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሰንደሉ በማሰሪያው ከአፏ ተንጠልጥሏል። አልደነገጠችም። ዞር ብላ በዚያ በተንጋደደ አካሄዷ ወደ ቁጥቋጦው ገባች፤ ለረዥም ጊዜ ስታላምጥ ይሰማኝ ነበር። ጠዋት ያገኘነው የነሐሱን መቆለፊያ ብቻ ነው። ልጁ መቆለፊያውን ኪሱ ከቶ አገሩ ወሰደው።

በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ የለም። ክዳን ያለው ባልዲ ወይም ፖፖ በየድንኳኑ ይኑር፤ ለ7 ዓመት ልጅም ለ68 ዓመት እናትም ይህ ነውር አይደለም። የግድ መውረድ ከመጣ መጀመሪያ ከድንኳኑ አፍ ሆነው ባትሪውን በቀስታ ዙሪያውን ያዙሩት። ዐይን ብርሃኑን ይመልሳል። ከፍ ብለው ብዙ ሆነው ተሰብስበው የሚያበሩ ዐይኖች ብዙ ጊዜ ኢምፓላ የተባለው ሚዳቋ መሰል እንስሳ ናቸው። ሁለት ብቻ ሆነው፣ ዝቅ ብለው፣ አተኩረው የማይንቀሳቀሱ ዐይኖች ካዩ ግን መሰላሉን አይርገጡት። ቀንም ቢሆን ልጆቹ ክንድዎ ከሚደርስበት አይራቁ፤ በካምፑ ውስጥ መሯሯጥ፣ ድብብቆሽ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ኳስ መፈለግ የለም። ሦስተኛው ድልድይ ሥር ያለው ውኃ የጠራና የሚጋብዝ ነው፤ አዞ አለበት፤ እግር እንኳ አይነከርበት። ጉማሬም ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ማለዳ ወደ ውኃው ሲመለስ በመንገዱ መቆም አደገኛ ስለሆነ ድንኳኑ ወደ ወንዙ ከሚወርድ ዱካ ላይ አይቁም።

የእናትዎ ጉልበት ያሳስበኛል። የጣሪያ ድንኳን መሰላል ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ እንቅልፍ ላይ ያለ አዛውንት በጨለማ የሚወርድበት አይደለም። አንድ ጠንካራ የሸራ ድንኳን ተከራይታችሁ ከመኪናው ጎን አስጠግታችሁ መሬት ላይ ትከሉላቸው፤ ከእርሳቸው ጋር ባለቤትዎ ወይም እርስዎ አንዱን ልጅ ይዛችሁ እደሩ። መሬት ላይ መተኛት ጣሪያ ላይ ከመተኛት የባሰ አደገኛ መስሎ ይታያል፤ ዚፑ እስከ ታች ከተዘጋ፣ ውስጡም ምግብ ከሌለ አይደለም።

ጅብና አንበሳን እየፈራችሁ ዝንጀሮና ጦጣን እንዳትንቁ። ሦስተኛው ድልድይ ላይ ያሉት ዝንጀሮዎች ሰውን ለምደዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ትቶ ዞር ያለ ሰው ዳቦውን አያገኘውም። ወጣ ስትሉ ድንኳኑን አጥፋችሁ ዝጉት። ብርቱካን፣ ሎሚና መንደሪን ጭራሽ አታምጡ፤ ዝሆን ከሩቅ ያሸተዋል፣ ሽታው ላለበት መኪና ደግሞ በርም መስታወትም አያግደውም።

ስንቅን በተመለከተ እናትዎ ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፤ አያቶቻችን በበቅሎ አገር ያቋረጡበት ስንቅ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ አይበላሽም። በሶ በውኃ በጥብጦ ለልጆች ማጠጣት በሙቀት ቀን ምሳ ከማብሰል ያድናል። ጥሬ ሥጋ ግን ይጠንቀቁ። በቦትስዋና መንገዶች ላይ የእንስሳት ጤና ኬላዎች አሉ፤ ምክንያቱ ከጎሽ ወደ ከብት የሚተላለፈው የአፍና የእግር በሽታ ነው። በተለይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስትመለሱ ጥሬ ሥጋ ይወሰድባችኋል፤ ጫማችሁንም መድኃኒት በተነከረ ጨርቅ ላይ ትረግጣላችሁ። ቋንጣም ከዚሁ እንደሚመደብ አድርጋችሁ ወይ ብሉት ወይ አትያዙት። ከብቱ የዚያ አገር ሰው ኑሮ ስለሆነ ጠባቂዎቹ ቢያጥብቁ ደስ ይበላችሁ።

ወባ አለ። በመስከረም ከዝናቡ ወራት ያነሰ ቢሆንም በማውን፣ በሞሬሚ፣ በካሳኔና በፏፏቴው አካባቢ አይጠፋም። ጆሃንስበርግ የተወለዱ ልጆችና አዲስ አበባ የኖሩ እናት ሰውነታቸው ወባን አልለመደም። ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ መከላከያውን አሳዝዙ፤ ለትንሿ ልጅዎ የትልቅ ሰው ኪኒን ከፍለው አይስጧት፤ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማይሰጥ አለ። ሲመሽ ረዥም እጅጌ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሱሪ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ በዚያው ቀን ይመርመር፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ይነገረው።

አሁን ሳቩቲ። ከሁሉ የምወደው ቦታ ነው፤ የሌሊቱን ፍርሃት የሚያበርደውም እርሱ ነው። በመሃሉ የሚያልፈው ቦይ እ.ኤ.አ. በ1982 ደርቆ ለ25 ዓመታት ያህል ውኃ ሳያይ ቆየ፤ ቆይቶ እንደገና ፈሰሰ፤ ዛሬም እንደ ዘመኑ ይመጣል ይሄዳል። በድርቁ ጊዜ ዝሆኖቹ የካምፑን ቧንቧ እየነቀሉ መጠጣት ስለጀመሩ መጸዳጃ ቤቱ እንደ ምሽግ በወፍራም ግንብ ታጥሯል። ልጆቹ ሲያዩት በጣም ይደነቃሉ። ካምፑ በትልልቅ ግራሮች ሥር ነው፤ ኮርማ ዝሆኖች የግራሩን ፍሬ ሊለቅሙ በሌሊት ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ከድንኳኔ በታች ሦስት እርምጃ ላይ አንዱ ቆሞ ነበር። የእግሩ ኮቴ አይሰማም። የሚሰማው የሆዱ ማጉረምረም፣ ኩምቢው አሸዋውን ሲጠርግ የሚያወጣው ድምፅ፣ ከዚያ ፍሬው ጥርሱ ሥር ሲሰበር ነው። የመኪናችንን መስታወት በኩምቢው ነካ አድርጎ፣ አሽትቶ፣ የድንኳኑን ገመድ ሳይረግጥ አለፈ። እንዲህ ያለው ጊዜ የሚፈልገው ዝም ማለትን ብቻ ነው። ባትሪ አይበራበትም፣ ፎቶ አይነሣም፣ ልጅም በሹክሹክታ እንጂ አይናገርም።

ቀን ከመኪና ውስጥ ሆነው ሲያገኙት ደግሞ ቋንቋውን ይወቁ። ጆሮውን ዘርግቶ ራሱን የሚነቀንቅ ዝሆን እያስጠነቀቀ ነው፤ በቀስታ ወደ ኋላ ይበሉ። ጆሮውን ለጥፎ ኩምቢውን ወደ ውስጥ የጠቀለለ ከሆነ የምሩን ነው። ከዐይኑና ከጆሮው መካከል ጥቁር ፈሳሽ የሚወርድ፣ የኋላ እግሮቹም በሽንት የራሱ ኮርማ ካዩ አይጠጉት። እናትና ግልገል በመንገዱ ግራና ቀኝ ከቆሙ በመካከላቸው አይለፉ፤ ጥሩምባም አይንፉ፤ ሞተሩን ሳያጠፉ ይጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌና አንጎላ በጋራ በሚጠብቁት ሰፊ ክልል በተደረገ ቆጠራ 227,900 ያህል ዝሆን ተገኝቷል፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ቦትስዋና ውስጥ ስለሆነ መጠበቅ ደጋግሞ ይገጥማችኋል።

ካሳኔ ስትደርሱ ሁሉም ይደክማችኋል፤ ሙቅ ውኃ ያለበት ካምፕ ያዙና ከሰዓት በኋላ በቾቤ ወንዝ ላይ በጀልባ ውጡ። ለእናትዎ ከጉዞው ሁሉ ምቹው ሰዓት ይህ ነው፤ ቁጭ ብለው ዝሆን ሲዋኝ ያያሉ። ቪክቶሪያ ፏፏቴ ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመስከረም ውኃው እየቀነሰ ስለሚሄድና የዛምቢያ ወገን ቀድሞ ስለሚደርቅ በዚምባብዌ በኩል እዩት። የተከራያችሁትን መኪና አታሻግሩት፤ ለአንድ ቀን ብላችሁ የሌላ አገር የመኪና ወረቀትና ክፍያ ውስጥ ከመግባት ከካሳኔ እንግዳ አድርሰው በሚመልሱ መኪኖች መሄድ ይሻላል።

መኪናውን ቀድማችሁ መረከብ ከቻላችሁ ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ግቢያችሁ ውስጥ አቁማችሁ ሁለቱንም ድንኳኖች ዘርጉና እደሩበት። የእናትዎንም ድንኳን ትከሉት። መብራቱን ሁሉ አጥፍታችሁ፣ ባትሪው የት እንዳለ፣ ፖፖው የት እንዳለ፣ ጫማ መኪና ውስጥ የሚያስገባው ማን እንደሆነ ያን ሌሊት ይወሰን። ዚፑን የመዝጋቱን ሥራ ለወንድ ልጅዎ ስጡት፤ እናትዎ ደግሞ ይቆጣጠሩት።